አስተማሪና አደጋ

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ አንድ ቅጽል ስም ነው። ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር፣ ከቀትር በኋላ በትምህርት ላይ ሳለን፣ ለሚዛንና ለቴፒ አገር ሰው እንግዳ ያልሆነ ዶፍ ዝናም ይወርድ ነበር። በድንገት ከክፍላችን ጀርባ ባለው ዋንዛ ላይ መብረቅ ወደቀ፤ ከጣራውም አንድ ቆርቆሮ በነፋሱ ተገንጥሎ ሄደ። በዚያን ጊዜ በሩን ከፍተው ከሁላችን ቀድመው የወጡት መምህራችን ነበሩ። እኛም ተግተልትለን ስንከተላቸው በበሩ ላይ ተረጋገጥን፤ የአንዲት ልጅ እጅ ተሰበረ። መምህሩ ከሜዳው መካከል ቆመው ወደ ኋላቸው ሲመለከቱ ፊታቸው ዐመድ መስሎ ነበር። ወዲያው ተመልሰው የወደቁትን አነሡ። ዳሩ ግን መመለሳቸውን ማን አስታወሰው? በማግሥቱ «መምህር ሽምጥ» የሚል ስም ወጣላቸው። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ በኅሊናዬ ስለ ተመላለሰ፣ አስተማሪ በአደጋ ጊዜ ለተማሪዎቹ ያለበት ግዴታ እስከ ምን ድረስ ነው የሚለውን ለመመርመር ሞከርሁ።

ጥያቄው በሌላም አገር ሕዝብን ያከራከረ ሆኖ አገኘሁት። ግንቦት 4 ቀን 2000 ዓ.ም. በቻይና አገር በሲቹዋን ክፍለ ሀገር በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ወደ 70,000 የሚጠጋ ሕዝብ ሲያልቅ፣ ብዙ ሺህ ተማሪዎች በትምህርት ቤታቸው ፍርስራሽ ሥር ቀርተዋል። በዚያ ቀን ታን ቺየንቺዩ የተባለው አስተማሪ አራት ተማሪዎችን ከጠረጴዛ ሥር አስገብቶ በላያቸው እንደ ተደፋ ሞተ፤ ልጆቹ ተረፉ። ፋን ሜይዦንግ የተባለው ሌላው አስተማሪ ግን ተማሪዎቹን በክፍል ትቶ ቀድሞ ወደ ሜዳ ሮጠ። ከተማሪዎቹ አንድም አልሞተም። ሆኖም እርሱ ራሱ ያደረገውን ጽፎ ለሕዝብ ገለጸ፤ ከሴት ልጁ በቀር ለማንም፣ ለእናቱም እንኳ ቢሆን፣ ሕይወቱን እንደማይሠዋ ተናገረ። ሕዝቡ ተቈጣ፤ እርሱም ሥራውን አጣ። ከጥቂት ወራት በኋላ የቻይና የትምህርት ሚኒስቴር የተማሪን ደኅንነት መጠበቅ የሚለውን ቃል በመምህራን የሥነ ምግባር ደንብ ውስጥ አገባ።

በመጀመሪያ ፋንንና መምህራችንን በአንድ ሚዛን አስቀምጬ ነበር። አሁን ግን ልዩነታቸው ይታየኛል። እግር በድንጋጤ ይሮጣል፤ ይህን የማያውቅ ሰው ደንግጦ የማያውቅ ብቻ ነው። ፋን ይልቁንም የሚወቀሰው ቆሞ ካሰበ በኋላ ሩጫውን ትክክል ነው በማለቱ ይመስለኛል። የእኛ መምህር ግን ትንፋሻቸው ሳይመለስ ተመልሰዋል።

የአገራችንን ሕግ ብንመለከት፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 575 ላይ፣ በሕይወቱ ወይም በጤናው ላይ ከባድ አደጋ ያንዣበበበትን ሰው፣ በራሱም በሌላም ላይ አደጋ ሳያመጣ ሊረዳው ሲችል አውቆ የተወውን ይቀጣል። በሞያው ወይም በውል የመርዳት ግዴታ ባለበት ሰው ላይ ደግሞ ጥፋቱ ይከብዳል። እንግዲህ ሕጉ ማንንም «ሙት» አይልም። የታን ሥራ ከሕግ በላይ ነው፤ ሰው በፈቃዱ ቢሰጠው እንጂ እንደ ዕዳ ሊጠየቅ አይገባም። (ደመወዙ እስከ ወር መጨረሻ የማያደርሰውን አስተማሪ ሕይወትህንም ጨምርበት ማለት ለእኔ ይከብደኛል።)

ታዲያ በግድ ሊጠየቅ የሚገባው ምንድር ነው? አደጋው ከመምጣቱ በፊት ያለው ሥራ ነው እላለሁ። በዚያው በሲቹዋን የሳንግዛዎ ትምህርት ቤት ዲሬክተር የነበሩት የ ዢፒንግ፣ የትምህርት ቤታቸውን ደካማ ሕንፃ ለዓመታት ሲያጠናክሩ ኖሩ፤ ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮም ተማሪዎቹን በየወሰነ ትምህርቱ የመውጣት ልምምድ ያስደርጉ ነበር። በአደጋው ቀን እሳቸው በትምህርት ቤቱ አልነበሩም። ከ2,000 በላይ ተማሪዎችና መምህራኖቻቸው ግን በ1 ደቂቃ ከ36 ሴኮንድ ውስጥ ወደ ሜዳ ወጡ፤ አንድም ሰው አልሞተም።

የጃፓኑ የኦካዋ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ግን ተቃራኒ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ምድር ከተናወጠች በኋላ የባሕሩ ማዕበል እስኪደርስ ድረስ 50 ደቂቃ ያህል ጊዜ ነበር። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ኮረብታ አለ። መምህራኑ ግን ተማሪዎቹን በግቢው ሰብስበው ወዴት እንሂድ እያሉ ሲመካከሩ ጊዜው አለፈ፤ 74 ልጆችና 10 መምህራን ጠፉ። መምህራኑ አልሸሹም፤ ከልጆቹ ጋር ሞቱ። የጎደላቸው አስቀድሞ የተቈረጠ ዕቅድ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የአገሪቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ያጸናው ፍርድም፣ ትምህርት ቤቱና ባለሥልጣኖቹ አስቀድመው አለመዘጋጀታቸውን እንደ ጥፋት የቈጠረ ነው።

ወደ ራሳችን አገር ስመለስ ልቤ የሚያዝነው በጎፋ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ናዳ ወርዶ ሰዎችን ቀበረ። የተቀበሩትን ለማውጣት ሕዝቡ በእጁና በዶማው ሲቈፍር ሌላ ናዳ ወረደበት፤ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ለመርዳት ከሮጡት መካከል የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሞያዎች ይገኙባቸው ነበር። ወሩ የዕረፍት ወር ነው፤ እነዚያን መምህራን የጠራቸው ደወል አልነበረም። ይሁን እንጂ በዝናም የራሰ ገደል አንድ ጊዜ ከተናደ ሥሩ ስለ ተቈረጠ ዳግመኛ ሊናድ ይችላል። ስለዚህ ሌላው ሲቈፍር ሽቅብ የሚጠብቅ አንድ ሰው ማቆም ይገባል።

ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። በአገራችን ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ስለሚበቅል የዛፉ ሥር አፈሩን ይዞ ይኖራል። ዛፉ ተመንጥሮ ገደሉ በታረሰበት ስፍራ ግን አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ መሬቱ ይሰነጠቃል፤ ዛፎች ይዘማሉ፤ ምንጩም ይደፈርሳል። ይህን ምልክት አይቶ ማስተማር የአስተማሪ ድርሻ ነው።

በዚህ ዓመት መጀመሪያ መምህራችንን ይቅርታ ለመጠየቅ ሄድሁ። «ልጄ፣ ስሙስ የራሴ ነው» አሉኝ። «እኔን የሚቈጨኝ በመብረቅ ጊዜ መውጣት እንደማያስፈልግ አለማወቄ ነው። ባልወጣ ኖሮ እናንተም ባልተረጋገጣችሁ ነበር።» እውነታቸውን ነው። ብልጭታው ታይቶ 30 ሴኮንድ ሳይሞላ ነጎድጓዱ ከተሰማ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ወዲህ ነውና፣ ከብረትና ከኤሌክትሪክ ገመድ ርቆ በቤት ውስጥ መቈየት ይሻላል። በናዳ ጊዜ ግን በቤት መቈየት ጥፋት ነው፤ ቁልቁል ከመሮጥም ከናዳው መንገድ ወደ ጎን መውጣት ያስፈልጋል።

አሁን ሁለቱንም በየወሩ እንለማመዳለን። በመጀመሪያው ቀን ክፍላችን ለመውጣት ከሁለት ደቂቃ በላይ ፈጀበት፤ ምክንያቱም የተሰባበሩ ዴስኮች ተከምረውበት የሁለተኛው በር መኖር ተረስቶ ነበር። ዴስኮቹን ያነሣነው እኛው ነን። በሩ ይከፈታል፤ ቁልፉም ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ በምስማር ላይ ተሰቅሏል።