ካምቢዮ ሳይግል ዳገት መውጣት፣ ፍሬን ሳይቃጠል ቁልቁለት መውረድ

ከዴንቨር መንገደኛ ጭነው ወደ በረዶ መንሸራተቻዎቹ ተራሮች የሚመላለሱ፣ ወይም ቤተሰብዎን በሞተር ሆም ለማዝናናት ያሰቡ ከሆነ ይህ ትምህርት ይመለከትዎታል። ብዙ የሻትል አውቶቡሶችና ሞተር ሆሞች የሚሠሩት በአንድ ዓይነት ሻንሲ፣ ለምሳሌ በፎርድ ኢ-450 ላይ ስለሆነ ጠባያቸው ተቀራራቢ ነው።

በኢንተርስቴት 70 ወደ ምዕራብ ሲጓዙ ከ5,280 ጫማ ተነስተው ከ11,000 ጫማ በላይ ወዳለው የአይዘንሃወር ዋሻ ይወጣሉ። ከዋሻው ወደ ሲልቨርቶርን የሚወርደው መንገድ 7 በመቶ ያህል ቁልቁለት አለው። ይኸውም በየ100 ጫማው 7 ጫማ ይወርዳል ማለት ነው።

ዳገት ሲወጡ፦

አውቶማቲክ ካምቢዮን በዋናነት የሚያግለው ቶርክ ኮንቨርተሩ ነው። ጭነት በዝቶ ፍጥነት ሲቀንስ ዘይቱ በውስጡ እየተናጠ ይግላል። ካምቢዮው ማርሽ ከፍ ዝቅ እያደረገ ካስቸገረ ኦቨር ድራይቩን ያጥፉ፤ ቶው ሆል የሚል ቁልፍ ካለውም ይጫኑት። የሙቀት መለኪያው የመኪናው መጽሐፍ ከሚፈቅደው ካለፈ ደህና ቦታ ይቁሙ፤ ማርሹን ፓርክ ላይ አድርገው ሞተሩን ሳያጠፉ ያቆዩት። ሞተሩ ከጠፋ ዘይቱ ወደ ማቀዝቀዣው መዞሩን ያቆማል። የጠቆረና የተቃጠለ ሽታ ያለው ዘይት ሳይዘገይ በባለሙያ ይታይ።

ቁልቁለት ሲወርዱ፦

1ኛ/ ፍጥነት ይቀንሱ፤ ዝቅተኛውን ማርሽ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ያስገቡ።

2ኛ/ የዓባይን በረሃ የወረዱ ሹፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይላሉ። ምክሩ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ያሁን ዘመን መኪናዎች በቀላሉ ስለሚንከባለሉ አንዳንዴ ከወጡበትም ያነሰ ማርሽ ያስፈልጋል።

3ኛ/ ፍሬን ላይ እግርዎን ጭነው አይውረዱ። ደህና ነው ያሉት ፍጥነት 40 ማይል ከሆነ፣ 40 ሲደርስ ጠንከር አድርገው ይዘው ወደ 35 ያውርዱት፤ ከዚያ ይልቀቁ። እንደገና 40 ሲደርስ ይድገሙት። በየመሀሉ ፍሬኑ ይተነፍሳል።

4ኛ/ ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው በፎሌ ከቶ አይውረዱ። ሞተሩ መኪናውን መያዝ ያቆማል፤ ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል።

5ኛ/ የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 401 ፋራናይት ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከገባው ግን 284 ላይ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ ፔዳሉ ወደ ታች ይሰምጣል። የሚቃጠል ነገር ከሸተተዎ ፔዳሉ ሳይሰምጥ ይቁሙ። ፍሬኑ ጨርሶ እምቢ ካለ ለከባድ መኪናዎች የተሠራውን ማምለጫ መንገድ ያለ ሀፍረት ይጠቀሙ። የመጎተቻ ሂሳብ ይከፈላል፤ የመንገደኛ ሕይወት ግን አይተካም።

በመጨረሻም የጥገና ደረሰኝዎን ያስቀምጡ። የግል ሥራ ያለው ሰው ትክክለኛ ወጪውን እያስላ ታክስ ሲያሠራ ጥገናው ይቀነስለታል። በማይል ሂሳብ የሚያሠራ ግን ጥገናውን ለብቻ መቀነስ አይችልም። ቢሆንም መኪናውን ሲሸጡ ደረሰኙ ጥሩ ምስክር ነው።