ፊቷን ለጊዜው ተይው

ቆይ፣ አኒሜሽንሽን አታጫውቺው። እዚያው ፍሬም ላይ አቁሚውና አብረን እንየው። እናትየዋ ስልክ አንስታለች፤ ልጇ ከቤሩት ልትመጣ መሆኑን አሁን ሰማች። አንቺ ደግሞ ሰፊ ፈገግታ ሰጠሻት፣ ቅንድቧን ከፍ አደረግሽ፣ ትከሻዋንና እግሮቿን ግራ ቀኝ እኩል አድርገሽ ገተርሻት። ፊቷ ላይ እንደለፋሽ ያስታውቃል። ሰውነቷ ግን ወሬውን ገና አልሰማም።

እስቲ ሙሉ በሙሉ ጥቁር ቀቢያት። አየሽ? ጥላዋ ብቻ ሲቀር ስልክ መያዟ እንኳ አይለይም፤ ክንዷ ከደረቷ ጋር ተዋህዷል። ፖዝ የሚፈተነው እንዲህ ነው። ዓይንና አፍ ሳይኖር ታሪኩ ከተነበበ ፊቱ የሚጨምርበት ነገር ይኖረዋል፤ ካልተነበበ ፊት ብቻውን አይሸከመውም። ክርኗን ከጎኗ አርቂው። ከተረከዟ እስከ አናቷ የሚሄደውን መስመርም እዪው፤ ቀጥ ብሏል። ወደ ስልኩ ይጎብጥ ወይስ ወደ ኋላ ይለጠጥ፣ አንዱን ወስኚ። ክብደቷን በአንድ እግሯ ላይ ጣይው፤ በዚያ በኩል ዳሌዋ ከፍ ሲል ትከሻዋ ዝቅ ይላል። ያን ጊዜ ሰው ትመስላለች።

ስሜቱ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። እንዲህ ያለ ወሬ የሰማች እናት ወዲያው ትስቃለች ያለሽ ማነው? የሰፈራችንን እናቶች አስቢ። መጀመሪያ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ትስባለች። ስልክ ያልያዘው እጇ ደረቷ ላይ ይሄዳል፣ ወይም የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ትይዛለች። ጉልበቷ ይከዳትና መቀመጫውን በእጇ ትዳብሳለች፤ ዓይኗ ግን ወንበሩን አያይም። እልልታው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አንቺ «ደስታ» ብለሽ የያዝሽው ውስጥ ድንጋጤ አለ፣ አለማመን አለ፣ የዓመታት ናፍቆት አለ። ተመልካቹን የሚይዘው ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሻገር ማየቱ ነው።

ያንን መሻገር ደግሞ አትደብቂው። የዲዝኒዎቹ ፍራንክ ቶማስና ኦሊ ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት «ዘ ኢሉዥን ኦፍ ላይፍ» መጽሐፋቸው የፊት ለውጥ በትልቅ እንቅስቃሴ መሃል እንዳይገባ ይመክራሉ። አንቺ ጋ እናትየዋ ዞራ የምትጨርሰው በ8 ፍሬም ነው። በሰከንድ 24 ፍሬም ስለሆነ ሲሶ ሰከንድ ማለት ነው፤ በዚያ ውስጥ የተለወጠ ፊት ማን ያየዋል? ሰምታ ትቁም፣ ፊቷ ይለወጥ፣ ከዚያ ትዙር። ስትዞርም ዓይኗ ይቅደም፣ ራሷ ይከተል፣ ትከሻዋ በመጨረሻ ይምጣ።

ብሌንደር ላይ ኪ ፍሬሞቹን ለጊዜው ኮንስታንት አድርጊያቸው፤ ከፖዝ ወደ ፖዝ እየዘለለ ይሂድ። ኮምፒውተሩ መሃሉን ሲሞላልሽ ሁሉም ነገር ይለሰልስና ድክመቱን ይሸፍንብሻል። እየዘለለ ታሪኩ ከገባሽ ያን ጊዜ አለስልሺው። ካልገባሽ በርሽን ዝጊና ስልክሽን መስኮቱ ላይ አቁመሽ ራስሽ ተውኚው። ቪዲዮውን ግን ፍሬም በፍሬም እንዳትገለብጪ። ክብደትሽ መቼ ወዴት እንደሄደ አንብቢና እሱን አጋንኚ።

«በሪግ፣ ኮምፒውተር ላይ ባለ አሻንጉሊት ነው የምሠራው፣ መሳል ምን ያደርግልኛል?» እንደምትይኝ አውቃለሁ። ብዙ ያደርግልሻል። እ.ኤ.አ. በ1932 ዲዝኒ ዶን ግራሃም የሚባል የሥዕል መምህር አምጥቶ አኒሜተሮቹን ማታ ማታ ሕያው ሰው እያዩ እንዲስሉ አደረገ። እነዚያ ሰዎች ደመወዝ የሚበሉበትን ሥራ የሚያውቁ ነበሩ፤ ግን ተቀምጠው ተማሩ። ስኖው ኋይት በ1937 ለእይታ የበቃችው ከዚያ ልፋት በኋላ ነው።

አንቺም ታክሲ ሰልፍ ላይ ስትቆሚ ትንሽ ደብተር ያዢ። ለአንድ ሰው 30 ሰከንድ ይበቃል። ፊት አትንኪ፣ ጣት አትቁጠሪ፣ ልብሱን እርሺው። ዘንቢል የያዘችው ሴትዮ ክንዷ ወደ ታች ሲሳብ አንገቷ ወዴት አዘነበለ? በስልክ የሚጨቃጨቀው ሰውዬ ወገቡን የያዘው በየትኛው እጁ ነው? ታክሲው ይዟቸው ሲሄድ በቃልሽ ድገሚው፤ ዓይንሽ የሚሠለጥነው ያኔ ነው። ንድፉ ቢያስጠላሽም አትቅደጂው። ከጎኑ ሰውዬው ምን እያደረገ እንደነበር ጻፊ፤ «ቆሟል» አይደለም፣ «ሰልችቶታል»፣ «ወረፋ ሊቀማ ነው»፣ «ሰው እየፈለገች ነው» በይ።

እሑድ ከሰዓት ከንድፎቹ አንዱን መርጠሽ ሪግሽን በዚያ ፖዝ አቁሚው። መጀመሪያ እምቢ ይልሻል። ወገቡ ይደርቃል፣ እግሩ ወለሉ ላይ ያረፈ አይመስልም። ጭን ጭኑን ብቻ አትጎትቺ፣ ከዳሌው ጀምሪ። ካስቸገረሽ ማዶ ክፍል ነኝ፣ ጥሪኝ።