ያዩትን ለይቶ መጻፍ

ሀ/ መግለጫ

ገላጭ ድርሰት የሚጽፍ ሰው በዓይኑ ያየውንና በሐሳቡ የገመተውን ለይቶ ማወቅ አለበት። ሁለቱ ሲደባለቁ አንባቢው ይሳሳታል፤ አንዳንድ ጊዜም ሰው ይጎዳል። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ለ/ ምንባብ

የሕክምና ተማሪ ሳለሁ የነርቭና የጡንቻ በሽተኞችን የሚያክሙ አንድ ሐኪም እየተከተልሁ እመለከት ነበር። ሥራዬ ማየትና መጻፍ ብቻ ነበር። አንድ ቀን አንዲት እናት የ7 ዓመት ልጃቸውን ይዘው ገቡ። «ዶክተር፣ ሲሮጥ ይወድቃል፤ በትምህርት ቤትም ሰነፍ ይሉታል» አሉ።

ሐኪሙ ልጁን ወለል ላይ አስቀምጠው «እስኪ ተነሥ፣ የኔ ልጅ» አሉት። ልጁ ዝም ብሎ ቆየ። እኔም «መነሣት አይፈልግም» ብዬ ጻፍሁ። ሐኪሙ ጽሑፌን አይተው «አልፈልግም ብሎ ነገረህ? እስኪጨርስ ተመልከት» አሉኝ።

ልጁ ፊቱን ወደ ወለሉ አዞረ። በእጆቹና በእግሮቹ ተደግፎ መቀመጫውን ወደ ላይ አነሣ። ከዚያም እጆቹን መጀመሪያ በጉልበቱ፣ ቀጥሎም በጭኑ ላይ እያሳረፈ፣ በገዛ እግሩ ላይ እንደሚወጣ ሁሉ ቀስ በቀስ ቀና አለ። «ይኸው ቆምሁ» አለ።

የጻፍሁትን ሰርዤ «ጭኑን በእጁ እየተደገፈ ተነሣ» አልሁ።

ሐኪሙ እንዲህ ሲሉ አስረዱኝ፦ «ይህ አነሣሥ የጋወርስ ምልክት ይባላል። ዊልያም ጋወርስ (1845–1915 እ.ኤ.አ.) የለንደን ሐኪም ነበር። በሽተኞቹ የሚያደርጉትን በአጭር ጽሕፈት ይመዘግብ ነበር፤ ይህንንም አነሣሥ በ1879 እ.ኤ.አ. ገልጾ ጽፎታል። ምልክቱ የዳሌና የጭን ጡንቻ መድከሙን ያሳያል። ነገር ግን በልዩ ልዩ የጡንቻ በሽታዎች ስለሚታይ የበሽታውን ስም በምርመራ እንጂ በግምት አንወስንም።»

በኋላ የተደረገው የደምና የዘር ምርመራ ዱሼን የሚባለው የጡንቻ መመንመን በሽታ መሆኑን አረጋገጠ። በሽታው በአብዛኛው ወንዶች ልጆችን ይይዛል፤ መንሥኤውም ዲስትሮፊን የተባለው የጡንቻ ፕሮቲን መጓደል እንደሆነ በ1987 እ.ኤ.አ. ታውቋል። ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን ባይገኝም፣ የመመንመኑን ፍጥነት የሚቀንስ ሕክምና አለ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ካዘዙ በኋላ ለልጁ ትምህርት ቤት ደብዳቤ ጻፉ።

ሐ/ አስተውሉ

«መነሣት አይፈልግም» እና «መነሣት አይችልም» የሚለያዩት በማሰሪያ አንቀጻቸው ብቻ ነው። የመጀመሪያው ስለ ልጁ ፈቃድ፣ ሁለተኛው ስለ አቅሙ ይፈርዳል። «ጭኑን በእጁ እየተደገፈ ተነሣ» የሚለው ግን አይፈርድም፤ «እየተደገፈ» የሚለው ቃል ድርጊቱ እንዴት እንደተፈጸመ ያሳያል። ፍርዱ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

መ/ መልመጃ

1. ተማሪው መጀመሪያ የጻፈውን ለምን ሰረዘው?
2. «መመንመን»፣ «መንሥኤ»፣ «መጓደል» በሚሉት ቃላት ዐረፍተ ነገር ሥሩ።
3. የታየውንና የተገመተውን ለዩ፦
ሀ) ሽማግሌው ተቆጥተዋል።
ለ) ሽማግሌው በበትራቸው መሬቱን መቱ።
4. ሐኪሙ ለትምህርት ቤቱ የጻፉትን ደብዳቤ እናንተ ብትሆኑ እንዴት ትጽፉት ነበር? በአንድ አንቀጽ ጻፉ።