ኮባን በድፎ ዳቦ ብቻ ለምታውቁት

እንግሊዝ አገር ጥቅምት ሲጋመስ በብዙ ግቢ ውስጥ አንድ ልፋት ይጀመራል። አትክልት ወዳዱ ሰው አካፋውን ይዞ ይወጣና ባለ ትልልቅ ቅጠሉን ተክል ከነሥሩ ቆፍሮ ያነሳዋል። ቅጠሉን ይከረክማል፣ አፈሩን ያራግፋል፣ ከዚያ ውርጭ ወደማይደርስበት ጋራዥ ወይም የመስታወት ቤት ያስገባዋል። ግንቦት መጨረሻ ላይ ሌሊቱ ሲለዝብ መልሶ ይተክለዋል። በሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ፣ በሚቀጥለውም።

ይህ ሁሉ የሚደረገው ለማን መሰላችሁ? ለኮባ! አዎ፣ እናቶቻችን ድፎ ዳቦ ሲጋግሩ ከሥር አንጥፈው ከላይ ለሚያለብሱት ለኮባ።

በተለይ ቅጠሉና አገዳው ወደ ጥቁር ቀይ የሚያደላው ሞሬሊ የተባለው ዓይነት የብዙዎች ዓይን ማረፊያ ነው። በእንግሊዝኛው የችግኝ ገበያ «ቀዩ የአቢሲኒያ ሙዝ» ተብሎ ይሸጣል፤ የእንግሊዙ ሮያል ሆርቲካልቸራል ሶሳይቲም ለምርጥ የግቢ ተክሎች የሚሰጠውን ሽልማት ሰጥቶታል። ዋሽንግተንና ቨርጂኒያ አካባቢ የምትኖሩ ወገኖች በጸደይ ወደ ችግኝ መሸጫ ጎራ ብትሉ፣ ፕላስቲክ ማሰሮ ውስጥ ቆሞ ዋጋ ተለጥፎበት ልታገኙት ትችላላችሁ።

ጉዞው የቆየ ነው። ጀምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ የእንሰትን፣ ማለትም የኮባችንን፣ ሥዕል አውጥቶ ነበር (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1853 ደግሞ ኋላ የአፄ ቴዎድሮስ ወዳጅ የሆነው ቆንስል ፕላውደን ዘሩን ለንደን ወደሚገኘው የኪው የዕፅዋት ማዕከል ላከ። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝባችን በእንሰት ይኖራል፤ እዚያ ክብሩን የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም። አዲስ አበባ ስንደርስ ግን ያው ተክል ከግድግዳ ጥግ፣ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ይወሸቃል። ፊት ለፊት የምናቆመው ከሩቅ የመጣውንና በየኅዳሩ ብርድ የሚጠወልገውን ነው።

ወዳጆቼ፣ ግቢያችሁን በቀለም ለመሙላት የሌላ አገር ግቢ መመኘት አይጠበቅባችሁም። ካላችሁበት ከፍታ፣ ካላችሁበት አፈር ጋር ተስማሙ። ቀለም ሞልቷል፤ የጎደለው የሚያየው ዓይን ነው።

ይህን ለመረዳት በርሊን ድረስ መሄድ ያስፈለገው አንድ ሰው ነበር። ሮቤርቶ ቡርሌ ማርክስ በ1909 ሳኦ ፓውሎ ተወልዶ ሪዮ ዲ ጃኔሮ አደገ። በ1928 ከቤተሰቡ ጋር ወደ ጀርመን ሄደ፤ ልቡ ያለው ሥዕል ላይ ነበር። ዳህሌም በሚባለው የበርሊን የዕፅዋት ማዕከል ሲዘዋወር፣ በመስታወት ቤቶቹ ውስጥ በክብር የተቀመጡትን ተክሎች አየና ዓይኑን ማመን አቃተው። የብራዚል ተክሎች ነበሩ! በዚያ ዘመን የሪዮ ባለጸጋ ግቢውን የሚያስውበው ከአውሮፓ በመጣ ጽጌረዳና በተከረከመ አጥር ነው፤ የአገሩን ተክል እንደ ጫካ ነበር የሚቆጥረው። ወጣቱ ሠዓሊ ወደ አገሩ ተመልሶ እነዚያኑ «የጫካ» ተክሎች አደባባይ አወጣቸው። በ1949 ከወንድሙ ጋር ከሪዮ ወጣ ብሎ መሬት ገዛና ከ3,500 የሚበልጡ የተክል ዝርያዎችን ሰበሰበበት፤ በ1985 ለአገሩ መንግሥት አስረከበ፤ በ2021 ቦታው በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ20ኛው መቶ ዘመን የግቢና የአደባባይ ውበት ሲነሳ ስሙ ሳይጠራ የማያልፍ ሰው የሆነው፣ ሌላው ሰው በየቀኑ ረግጦት የሚያልፈውን ስላነሳ ነው።

እሺ፣ ወደ እኛ ግቢ እንምጣ።

ስልካችሁ ላይ የምታዩት ያ ግንዱ ቀለም የተቀባ የሚመስል ቀይ ዘንባባ አለ አይደል? አገሩ ማሌዢያ፣ ሱማትራና ቦርኒዮ ነው። የሲንጋፖር የዕፅዋት ማዕከል ዓርማው አድርጎታል። ቀይ የሆነው ግንዱን የሚያቅፈው የቅጠሉ እግር ነው፤ እውነትም ውብ ነው። ነገር ግን ሲንጋፖር ሌሊቱ እንኳ ከ20 ዲግሪ በታች እምብዛም አይወርድም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ያንን ዘንባባ እዚህ ሜዳ ላይ ማቆም እርሱንም ራሳችሁንም መቅጣት ነው። ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ ወደ 0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። አባቶቻችን ቴርሞሜትር ሳይኖራቸው ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለው ለይተውታል፤ ተክል ከመግዛታችሁ በፊት የትኛው ውስጥ እንደምትኖሩ ራሳችሁን ጠይቁ።

ድሬዳዋ ወይም አርባ ምንጭ ከሆናችሁ ከደገኛው ይልቅ ምርጫችሁ ሰፊ ነው፤ ከውሃና ከጥላ በቀር ብዙ አትጨነቁ። ሐዋሳና ባሕር ዳር ያላችሁ ደግሞ ታድላችኋል። የባሕር ዳር ጎዳናዎች በዘንባባ መታጀባቸው በአጋጣሚ አይደለም፤ 1,800 ሜትር አካባቢ ቁሩም ሙቀቱም ልክ አላቸው። አገዳው ወደ ወርቅማ የሚያደላው የማዳጋስካሩ አሬካ ዘንባባ፣ ቅጠሉ ቢጫ፣ ብርቱካንማና ቀይ የተረጨበት ክሮተን፣ ሁሉም ውጭ ይቆማሉ።

አዲስ አበቤስ? ተስፋ አትቁረጥ፣ አትቁረጪ። ቀዩ ኮባ ለዚህ ከተማ የተፈጠረ ነው። ቅጠሉ ነሐስማ የሆነው ካና፣ ብርቱካንማና ሰማያዊ አበባ ያለው የገነት ወፍ፣ ቀይና ወይን ጠጅ ቅጠል ያለው ኮርዲላይን፣ በየገና ሰሞኑ አጥር ላይ የሚቀላው ፖይንሴቲያ፣ ሁሉም ብርዳችንን ይችላሉ። ክሮተን የግድ ካላችሁ፣ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ የድንጋይ ወይም የብሎኬት ግድግዳ ፈልጉለትና ከኮርኒሱ ሥር አስጠጉት። ግድግዳው ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል፤ ያቺ አንዲት ሜትር ከግቢው መሀል ሞቅ ትላለች። ብርሃኑን ግን አትከልክሉት፤ ክሮተን ጨለማ ክፍል ሲገባ ቀለሙን ጥሎ አረንጓዴ ይሆናል። ሰው «በሽታ ያዘው» እያለ መድኃኒት ይረጫል፤ የጎደለው ፀሐይ ነው።

ከቀለማም ዘንባባዎች ሁሉ እኔን የሚማርከኝ የኒው ካሌዶኒያው ቻምቤይሮኒያ ነው። አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ቅጠሉ ቀይ ሆኖ ይፈታል፤ ለአንድ ሁለት ሳምንት እንደዚያው ይቆይና ቀስ እያለ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። አዝጋሚ ነው፤ በዓመት የሚያወጣው ቅጠል ጥቂት ነው። እንግዲህ ይህን ዘንባባ የሚተክል ሰው ምን ዓይነት ሰው ይሆናል? ቅጠሉ ሊፈታ መቃረቡን ለማየት በየጠዋቱ ቡናውን ይዞ የሚወጣ ሰው! ጠዋቱን በስልክ መጀመር የለመደ ሁሉ እንዲህ ያለ ቀጠሮ ቢይዝ አይጎዳውም።

ቡርሌ ማርክስ ሠዓሊ ነበርና ተክልን እንደ ቀለም ነበር የሚያነጥፈው፤ አንዱን ዓይነት ሰፊ ቦታ ላይ በብዛት፣ ቀጥሎ ሌላውን። እኛ ደግሞ ከሻጩ ዘንድ አንድ ክሮተን፣ አንድ ካና፣ አንድ ኮርዲላይን፣ አንድ ምናምን ገዝተን በሰልፍ እናቆማቸዋለን። ግቢው የችግኝ ሱቅ ይመስላል። በዚያው ገንዘብ አንድ ዓይነት ካና ሰባት ስምንት ገዝታችሁ በአንድ ጥግ አንድ ላይ ብትተክሉ፣ መሀሉ ላይ አንድ ቀይ ኮባ ብታቆሙ፣ አላፊ አግዳሚው በበሩ ክፍተት አንገቱን ያስገባል። ጥቂት ነገር መርጦ እርሱን በደንብ ማድረግ ድፍረት ይጠይቃል፤ ብዙ ሰው ግቢውም ኑሮውም የተዝረከረከበት አንዱንም መተው ስላቃተው ነው።

ቡገንቪሊያን ሳላነሳ ብቀር ትታዘቡኛላችሁ። ይህች ተክል ስሟን ያገኘችው ከፈረንሳዩ የባሕር ጉዞ መሪ ከቡገንቪል ነው፤ በ1767 መርከቦቹ ሪዮ ሲደርሱ (ያው የቡርሌ ማርክስ ከተማ!) የዕፅዋት ሊቁ ኮሜርሶን ናሙናዋን ሰበሰበ። ረዳቱ የወንድ ልብስ ለብሳ መርከብ የተሳፈረች ዣን ባሬ የምትባል ሴት ነበረች፤ ዓለምን በመርከብ በመዞር የመጀመሪያዋ ሴት ተብላ የምትታወቀው እርሷ ናት። «ለሴት አይሆንም» በተባለበት ዘመን ቅጠል እየለቀመች ዓለምን ዞረች። እናንተ ቅጠሉን ለማግኘት የሚጠበቅባችሁ አጥር ድረስ መሄድ ብቻ ነው።

የቡገንቪሊያ ጠባይ ደግሞ የሚገርም ነው። አበባ የምንለው ደማቅ ቀለም ቅጠል ነው፤ እውነተኛው አበባ መሀሏ ላይ ያለው ትንሹ ነጩ ነገር ነው። ውሃና ፍግ ያለ ልክ ስታበዙላት በቅጠል ትሞላለች እንጂ አትደምቅም። ሥር ከያዘች በኋላ አፈሩ ደረቅ ሲል ብቻ አጠጧት፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ስጧት፣ ከዚያ በጋውን እዩዋት። እንደ አንድ ልጅ ያሞላቀቋት ሁሉ ለምን እንደማታብብ ይጠይቁኛል፤ መልሱ የውሃ ማጠጫው እጃቸው ላይ ነው።

ዘንባባ ለተከላችሁ ደግሞ ሦስት ማስጠንቀቂያ። ብዙዎቹ ዘንባባዎች የሚያድጉት ከጫፋቸው ባለ አንድ ቡቃያ ብቻ ነው፤ እርሱ ከተቆረጠ ወይም ከበሰበሰ ያ ግንድ አለቀለት። ግንዱም እንደ ዋርካው ወይም እንደ ወይራው ቁስሉን አይሸፍንም፤ ዛሬ የበዓል መብራት ለመስቀል የመታችሁት ምስማር ቀዳዳው ዕድሜ ልኩን ይኖራል። አትክልተኛችሁም «ላሳምረው» ብሎ አረንጓዴውን ቅጠል እንዳይመለምል ንገሩት። ያረጀው ቅጠል ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ዘንባባው ለአዲሱ ያሻግረዋል፤ ቡናማ ሆኖ እስኪደርቅ ይቆይ።

«እኔ የኪራይ ቤት ነኝ፣ ግቢ የለኝም» የሚል ድምፅ እየሰማሁ ነው። ይገባኛል። የቀለም ባልዲ አላችሁ? ታቹን በሦስት አራት ቦታ ብሱት፣ ዋልካ አፈር ብቻውን ውሃ ስለሚይዝ ከቀይ አፈር፣ ከአሸዋና ከተብላላ ፍግ ጋር ቀላቅሉት፣ ኮርዲላይን ወይም አሬካ ትከሉበት። ቤት ስትቀይሩ አብሯችሁ ይጫናል፤ ከአከራይ ፈቃድም አይጠይቅም። አንድ ነገር ብቻ፦ ነጭ ነጠብጣብ ያለውን ዲፈንባኪያ ልጅ ከሚድህበት ቤት አርቁት፤ ቅጠሉ ሲታኘክ አፍና ጉሮሮን ክፉኛ ያቃጥላል። የክሮተንም ወተት ቆዳ ያሳክካል፤ ከቆረጣችሁ በኋላ እጃችሁን ታጠቡ።

ገንዘብም ያን ያህል ሰበብ አይሆንም። ክሮተን፣ ኮርዲላይንና ቡገንቪሊያ ከቁራጭ ቅርንጫፍ ይበቅላሉ፤ ሰኔ ሲቃረብ ቆርጣችሁ እርጥብ አፈር ውስጥ ከጥላ ሥር ብትሰኳቸው ዝናቡ ግማሹን ሥራ ይሠራላችኋል። ካና ከሥሩ ተከፍሎ ይተከላል። ለኮባው ደግሞ አስተማሪያችን እንሰት አብቃዩ የደቡብ ገበሬ ነው። አሚቾውን፣ ማለትም ከአፈር ሥር ያለውን ወፍራሙን አካል፣ ያወጣል፤ መሀል ቡቃያውን ፈልፍሎ ይጥላል፤ ከፍግ ጋር መልሶ ይቀብረዋል። መሀሉ ሲወገድ ከዳር እስከ ዳር በርካታ ቡቃያ ይፈነዳል። ቀይ ኮባ ያለው ዘመድ ካላችሁ ከበልግ ዝናብ በፊት አንድ አሚቾ ለምኑት። ቡቃያው ሲበዛባችሁ አንዱን አስቀሩና የቀረውን በአጥሩ ላይ ለጎረቤት አቀብሉ፤ በምላሹ ያንን ብርቱካንማ ክሮተኗን መጠየቅ እንዳትረሱ።