የጥልፍ መወጠሪያ አመራረጥና አያያዝ

እንደሚታወቀው የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ብዙዎቻችን የምናስበው ስለ ክሩና ስለ ንድፉ ነው። መወጠሪያውን እንዲያው የተገኘውን እናነሳለን። መወጠሪያ ግን የሚመረጠው በጨርቁ ነው። ነገ ከደባርቅ ሊማሊሞን ወርደን ድብ ባሕር ብንመደብ፣ ተማሪዋ ይዛ የምትመጣው ቁራጭ ከእናቷ ነጠላ የተረፈ ሊሆን ይችላል። እሱ ከተበላሸ ሌላ ከየት ይመጣል?

ገበያ ላይ የሚገኘው በአብዛኛው ክቡ መወጠሪያ ነው። ሁለት ቀለበት አለው፤ ጨርቁ በውስጠኛው ላይ ይዘረጋል፣ ውጭኛው ከላይ ገብቶ በብሎን ይጠብቃል። ለልጅ እጅ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይበቃል፤ ጣት ከጠርዝ ተነሥቶ መኻሉን ካልደረሰ እጅ ቶሎ ይዝላል። ውስጠኛውን ቀለበት በቀጭን የጨርቅ ጥብጣብ ብንጠቀልለው ጨርቁ አይንሸራተትም። አቡጀዲ ከሆነ እንደ ከበሮ ቆዳ ድም እስኪል ቢወጠር ችግር የለውም።

ሸማ ግን ሌላ ነው። ሳሳ ብሎ የተሸመነ ስለሆነ ክቡ ሲጠብቅበት ድርና ማጉ ይንሻፈፋል። መስቀል ጥልፍ ደግሞ በቆጠራ የሚሠራ ነው። ተወጥሮ ሳለ ቀጥ ያለ የመሰለው መስቀል ሲፈታ አንድ እግሩ ረዝሞ ይገኛል። በዚያ ላይ ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእጅ ፈትል ሲሆን ውፍረታቸው አይመሳሰልም፤ አራት ድር በአራት ማግ ቆጥረን እኩል ማዕዘን አገኘን ማለት አንችልም። ስለሆነም አስቀድሞ በማስመሪያ 5 ሳንቲ ሜትር ለክቶ፣ በዚያ ውስጥ ስንት ድር፣ ስንት ማግ እንዳለ መቁጠር ያስፈልጋል።

ለሸማ የሚሻለው ባለ አራት ማዕዘኑ መወጠሪያ ነው። ይህንን እኛው መሥራት እንችላለን። አራት የደረቀ የዋንዛ ጣውላ ይበቃል፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ የጥድ ሙጫም ነጭ ጨርቅ ያቆሽሻል። በጣውላው ዙሪያ ጥብጣብ ይመታል፤ የጨርቁ ጠርዝ በጥብጣቡ ላይ በሰፋፊ ስፌት ይያያዛል፤ መጀመሪያ ሁለቱ የድር ጫፎች፣ ቀጥሎ ጎንና ጎኑ። ድሩ ከጣውላው ጋር ትይዩ መሆኑን ሳናይ ክሩን አንስብም። ውጥረቱ ጣት ሲጫነው ትንሽ ጎድጎድ የሚል ይሁን።

እኩል መወጠር ለጎንደር አዲስ ነገር አይደለም። በ18ኛው መቶ ዘመን ጎንደር ውስጥ እንደተሠሩ የሚነገርላቸው፣ ዛሬ በለንደንና በቶሮንቶ ቤተ መዘክሮች የሚገኙት የሐር መጋረጃዎች ርዝመታቸው ከ5 ሜትር ያልፋል። ያን ሁሉ የሐር ድር እኩል ሳይወጥሩ መሸመን እንዴት ይቻላል!

ጣውላም ከጠፋ ሽቦው ያረጀ ወንፊት ይፈለግ። ጨርቁን በክብ እንጨቱ ላይ ዘርግቶ ዙሪያውን በሲባጎ ማሰር ነው። ለመለማመጃ ይሆናል፤ ለቀሚስ ጥልፍ ግን አንመክርም።

በሚጠለፍበት ጊዜ መርፌው አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች ይወጋ፤ በተወጠረ ጨርቅ ላይ እንደ ተራ ስፌት አጎንብሶ መሳብ ቀዳዳውን ያሰፋል። ጫፉ ደንዘዝ ያለ መርፌ ክር አይሰነጥቅም። የመስቀሎቹ የላይ እግር ሁሉ ወደ አንድ ጎን ይተኛ።

መወጠሪያው ለሁሉም ካልደረሰ ተማሪዎች ሦስት ሦስት ሆነው ይሥሩ፦ አንዷ ትጠልፋለች፣ አንዷ ትቆጥራለች፣ ሦስተኛዋ ክር ታዘጋጃለች። ወንዶቹም አይቀሩም፤ ሸማኔው ወንድ አይደለም እንዴ? ድብ ባሕር ከደባርቅ ይልቅ ስለሚሞቅ እጅ ያልባል፤ ውሃና ፎጣ አጠገብ ይኑር። ደወል ሲደወል ክቡ ይፈታል፣ አለበለዚያ የቀለበቱ ምልክት በጨርቁ ላይ ይቀራል። ባለ ማዕዘኑ ሳይፈታ የጠመኔ ብናኝ እንዳይነካው በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል።