የጌም ኮምፒውተር ለኮሶዬ፦ የተዘጋጀ መግዛት ወይስ መገጣጠም?

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ኮሶዬ ላይ የሚኖር ወጣት ባጠራቀመው ጥቂት ገንዘብ የጌም ኮምፒውተር ሲያስብ፣ ምርጫው ሁለት ብቻ ይመስለዋል፤ የተዘጋጀ መግዛት ወይም ዕቃ ለቃቅሞ መገጣጠም። ከሁለቱም የሚቀድም ጥያቄ ግን አለ። ሲበላሽ መለዋወጫው ከየት ይመጣል? ጎንደር ቅርብ ነው፤ ምርጫው ሰፋ የሚለው ግን አዲስ አበባ ነው።

በሌላው ዓለም መገጣጠም ይረክሳል ሲባል እንሰማለን። እዚህ ግን ሁሉም ዕቃ በዶላር ይገባል። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከተፈቀደ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ስለዚህ ማዘርቦርዱን፣ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን፣ ፓወር ሰፕላዩንና ኬዙን አዲስ በአዲስ የሚገዛ ሰው ብዙ ላያተርፍ ይችላል።

ሦስተኛ መንገድ አለ፤ እኔም ለመጀመሪያ ኮምፒውተር የምመርጠው ይህንኑ ነው። ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ገዝቶ ግራፊክስ ካርድ መጨመር። ዊንዶውስ 10 ነጻ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች የሚቀበለው በአብዛኛው 8ኛውን ትውልድና ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው። ስለዚህ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ ሲገዛ ትውልዱን ማየት ነው። ለምሳሌ ኮር አይ5-8500 ስድስት ኮር አለው፤ ለመካከለኛ ጌም አያንስም።

ካርዱ ላይ ግን ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። የማዘርቦርዱ ማስገቢያ ለካርዱ የሚሰጠው ኃይል ቢበዛ 75 ዋት ነው። እንደ ጂቲኤክስ 1650 ያሉ ካርዶች፣ የተለየ የኃይል ገመድ የማይጠይቁት ዓይነታቸው፣ በዚህ ይሠራሉ። ከዚያ የሚበልጥ ካርድ የቢሮውን ፓወር ሰፕላይ ይከብደዋል። ኬዙ ቀጭን ከሆነ ደግሞ አጭር ካርድ ብቻ ይቀበላል፤ ቁመት ያለውን ታወር መፈለግ ይሻላል። ትልቁ ችግር ግን ወደፊት የሚመጣው ነው። የእነዚህ ኮምፒውተሮች ፓወር ሰፕላይ ብዙ ጊዜ የራሱ የአምራቹ መሰኪያ አለው። ሲቃጠል ከሱቅ የተገኘውን ማንኛውንም ገዝቶ መተካት አይቻልም።

የተገጣጠመው የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው፤ ክፍሎቹ መደበኛ መጠን ስላላቸው የተበላሸውን ብቻ መቀየር ይቻላል። ታግሶ ቀስ በቀስ መጨመር ለሚችል ሰው ራይዘን 5 5600ጂ የተባለው ፕሮሰሰር ጥሩ መነሻ ነው። ግራፊክሱ አብሮት ስላለ ያለ ካርድ ያጫውታል፤ ካርዱ ገንዘብ ሲገኝ ይጨመራል። ራሙ ግን አንድ ትልቅ ሳይሆን ጥንድ መሆን አለበት። አብሮ የተሠራው ግራፊክስ የሚጠቀመው ያንኑ ራም ስለሆነ፣ በአንድ ራም ብቻ ከሆነ ፍጥነቱ በግልጽ ይወርዳል።

ከዚያ የኮሶዬ ከፍታ አለ። ቦታው ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ማራገቢያው እኩል ቢዞርም የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ደግነቱ የደጋው ብርድ ብዙውን ያካክሳል። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ግን ሌላ ነገር ነው፤ አንባቢው ጫፍ የሚንሳፈፈው በስስ የአየር ንብርብር ላይ በመሆኑ አምራቾች ለብዙዎቹ ዲስኮች የከፍታ ጣሪያ 3,048 ሜትር ብለው ይጽፋሉ፤ ኮሶዬም ከዚህ ጣሪያ ብዙ አይርቅም። ኤስኤስዲ ይህ ስጋት የለበትም፤ ፍጥነቱም አይወዳደርም።

መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው የኃይል መዋዠቅ ከብዙ ሰዓት ጨዋታ የበለጠ ኮምፒውተር ይጎዳል። ስለዚህ የስታቢላይዘር ገንዘብ ከካርዱ ገንዘብ ላይ እንኳ ቢሆን ተቀንሶ ይቀመጥ። መብራት ለረጅም ሰዓት በሚጠፋበት ቤት ላፕቶፕ ያጓጓል፤ ነገር ግን በባትሪ ሲሠራ የጌም አቅሙ ይቀንሳል፤ ግራፊክሱም በአብዛኛው ስለተበየደ አይቀየርም።

ያገለገለ ካርድ ሲገዛ በላዩ የተለጠፈውን ስም ማመን አይበቃም። አሮጌ ካርድ የውስጥ ሶፍትዌሩ ተቀይሮ በአዲስ ስም የሚሸጥበት ጊዜ አለ። ሻጩ ፊት ጂፒዩ-ዚ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ከፍቶ የካርዱን ማንነት ማየት፣ ከዚያም ከባድ ጌም ግማሽ ሰዓት ያህል ማስኬድ ነው። ምስሉ ከተቆራረጠ ወይም ኮምፒውተሩ በራሱ ከጠፋ፣ ገንዘቡ ገና ኪስ ውስጥ ነው።