ደጋግሞ የሚሞተው ኒንጃ፦ ከአንድ አስቸጋሪ ጌም ስለ ጽናት ምን እንማራለን?

የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ገና በመጀመሪያው ዓመት ከሚያስጨብጠን ሐሳቦች አንዱ «ሰውን ከአካባቢው ጋር ማየት» የሚለው ነው። አንድ ሰው ሲደክም፣ ሲያቋርጥ ወይም ሲሳካለት ጠባዩን ብቻ አንመረምርም። በዙሪያው ያለው ሁኔታ ምን አገዘው፣ ምንስ አሰናከለው ብለን እንጠይቃለን። በዚህ ጽሑፍ ይህን ሐሳብ ባልተለመደ ነገር ላይ እንሞክረዋለን፤ ታናናሾቻችን፣ አንዳንዴም እኛው ራሳችን፣ በምንጫወተው አስቸጋሪና ደም የበዛበት የኒንጃ ጌም ላይ።

ጥያቄያችን ይህ ነው። በየቤታችን ስለ አንድ ልጅ «ትዕግሥት የለውም፣ የጀመረውን አይጨርስም» ሲባል እንሰማለን። ይኸው ልጅ ግን ማታ ጆይስቲኩን ይዞ በአንድ ተፋላሚ 30 እና 40 ጊዜ ይሸነፍና ለሚቀጥለው ሙከራ ይዘጋጃል። ታዲያ ትዕግሥት የለውም ማለት እንዴት ይቻላል? ትዕግሥቱ ካለ ደግሞ፣ ደብተሩን ሲከፍት የት ይሄዳል?

ጌሙ ምንድን ነው?

ለምሳሌ የመረጥሁት «ሴኪሮ» የተባለውን ጌም ነው። የሠራው ፍሮምሶፍትዌር የተባለ የጃፓን ኩባንያ ሲሆን የወጣው በመጋቢት 2019 ነው። ዳይሬክተሩ ሂዴታካ ሚያዛኪ ይባላል። በዚያው ዓመት «ዘ ጌም አዋርድስ» በተባለው ሥነ ሥርዓት የዓመቱ ምርጥ ጌም ተብሎ ተሸልሟል። ታሪኩ የሚካሄደው በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ ጃፓን በመሳፍንት ጦርነት ስትታመስ፣ አሺና በተባለች የልብ ወለድ ግዛት ነው። ተጫዋቹ «ተኩላ» የሚባል ኒንጃ ይሆናል። ሥራው ኩሮ የተባለውን ብላቴና ጌታውን ከምርኮ ማስመለጥ ነው።

ከሌሎች ጌሞች የሚለየው ነገር አለ። ብዙ ጌሞች ሲጀመሩ «ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ» ብለው ያስመርጣሉ፤ ሴኪሮ አያስመርጥም። ለሁሉም ያለው መንገድ አንድ ነው። ጌሙ በወጣበት ሰሞን ይህ ብዙ አከራክሯል። አንዳንዶች ፈተናውን ማቅለል የሥራውን መንፈስ ያጠፋል አሉ። ሌሎች ደግሞ አካል ጉዳተኞችና እጃቸው እንደሌላው የማይፈጥን ሰዎች ከበሩ ተመለሱ ብለው ተከራከሩ። ይህን ክርክር በልባችሁ ያዙት፤ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስንሻገር ያስፈልገናል።

የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

ጌሙ የሚጀምረው በሽንፈት ነው። ተኩላ ሰይፉን አግኝቶ ጌታውን ይዞ ሊወጣ ሲል፣ በሸምበቆ ሜዳ ላይ ጌኒቺሮ የተባለ ጦረኛ ይጠብቀዋል። ጀማሪ እዚህ መሸነፉ አይቀርም። የሚገርመው ግን ጎበዝ ተጫዋች ቢያሸንፍም ታሪኩ አይለወጥም፤ ያም ሆነ ይህ የተኩላ ግራ እጅ ይቆረጣል። ከዚያ በአንድ በፈራረሰ ቤተ መቅደስ ውስጥ ይነቃል፤ ምስል የሚቀርጹ አንድ ሽማግሌም ሰው ሠራሽ እጅ ይገጥሙለታል። ትምህርቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ጀማሪ በመጀመሪያው ሰዓት የሚያደርገውን ማንም ያውቀዋል፦ የማጥቂያውን ቁልፍ ደጋግሞ ይጫናል። ጠላት ይመክትና በአንድ ምት ይጥለዋል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ማለት ይህ ነው። በሴኪሮ የሚያዋጣው የጠላት ሰይፍ ሊያርፍ ሲል፣ ቀደም ሳይሉም ሳይዘገዩም፣ መመከት ነው። በትክክል የተመከተ እያንዳንዱ ምት የጠላትን ሚዛን ያናጋል። ሚዛኑ ሙሉ በሙሉ ሲፈርስ ተጫዋቹ በአንድ ምት ይጨርሰዋል። ስለዚህ ጌሙ ከፍጥነት ይልቅ መመልከትንና የጠላትን ምት እንደ ከበሮ ምት መስማትን ያስተምራል።

ተኩላ ሲወድቅ በስክሪኑ ላይ «ሞት» የሚል የጃፓን ፊደል በቀይ ይወጣል። አንዴ በወደቀበት ሊነሣ ይችላል። ዳግመኛ ከወደቀ ግን መጨረሻ ወዳረፈበት ጣዖት ይመለሳል፤ ከያዘው ገንዘብ ግማሹንና ለሚቀጥለው የችሎታ ነጥብ ካጠራቀመው ልምድም ግማሹን ያጣል። አንዳንዴ፣ ከ100 በ30 ዕድል፣ ምንም ሳይጠፋበት ይተርፋል።

ሰው እየወደቀ ለምን ይቀጥላል?

አሁን ወደ ሙያችን እንምጣ። አልበርት ባንዱራ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ በ1977 ባሳተመው ጥናት፣ ሰው «እችላለሁ» የሚለው እምነቱ ከአራት ምንጮች እንደሚመጣ ጽፏል። አንደኛው ራሱ ሠርቶ ሲሳካለት ማየቱ ነው። ሁለተኛው እንደ እርሱ ያለ ሰው ሲሳካለት ማየቱ ነው። ሦስተኛው የሚያምነው ሰው የሚነግረው የማበረታቻ ቃል ነው። አራተኛው የገዛ ሰውነቱ ስሜት ነው፤ ልቡ ሲመታ «ፈራሁ» ይላል ወይስ «ተዘጋጀሁ»? ከአራቱ ኃይለኛው የመጀመሪያው ነው።

ሴኪሮን በዚህ ዓይን ስናየው፣ ጽናትን የሚያመጣ አካባቢ እንዴት እንደሚሠራ እናያለን።

ሀ. መልሱ ወዲያው ይመጣል። ተጫዋቹ ሲመታ ምን እንደጎደለው በዚያው ቅጽበት ያውቃል፤ ቀድሟል ወይም ዘግይቷል። በአሥረኛው ሙከራ ከዘጠነኛው ይልቅ እንደ ራቀ በዓይኑ ያያል። ገና ሳያሸንፍ መሻሻሉን ያውቃል።

ለ. መልመጃ ቦታ አለ። በዚያ በፈራረሰ ቤተ መቅደስ ደጃፍ ሀንቤይ የተባለ መሞት የማይችል ሰው ቆሟል። ተጫዋቹ ከእርሱ ጋር ያለ ኪሳራ መከታን ይለማመዳል። ማንም አይስቅበትም፣ ምንም አይጠፋበትም።

ሐ. መረጃ ከሰው ይገኛል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በሰንሰለት የታሰረ ዓይነ ቀይ ግዙፍ ሰው ያጋጥማል፤ ብዙ ጀማሪ የሚመረረው እዚህ ነው። ነገር ግን በአቅራቢያው ያሉትን ወታደሮች ተደብቆ ያዳመጠ፣ ዓይነ ቀዮች እሳት እንደሚፈሩ ይሰማል። የእሳት መሣሪያው ደግሞ ሌላ ቦታ ይገኛል፤ ሽማግሌው በሰው ሠራሹ እጅ ላይ ይገጥሙታል። ያልሰማ ሰው በጉልበቱ ብቻ ይታገላል። ሁለቱ በጽናት እኩል ናቸው፤ የሚለያቸው ያገኙት መረጃ ነው።

መ. የውድቀት ዋጋ የታወቀ ነው። ዋጋ አለው፣ ያስቆጫል፤ ግን ከመነሻው የተነገረና ልክ ያለው ነው። የመመለሻው ቦታም ሩቅ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። በሴኪሮ ተጫዋቹ ደጋግሞ ሲሞት የሚጎዳው እርሱ ብቻ አይደለም። በመንገዱ የረዱት ሰዎች በሳል በሽታ መያዝ ይጀምራሉ፤ በጌሙ ቋንቋ የድራጎን በሽታ ይባላል። መድኃኒት ቢኖረውም፣ ያቺ ሳል ስትሰማ ልብ ትነካለች። ከቤተሰቡ የመጀመሪያ ሆኖ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ ይህን ስሜት ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። ፈተና ስንወድቅ የምንፈራው ነጥቡን ብቻ አይደለም፤ በፈረቃ ሠርታ ያስተማረችን እናት ፊት ይታየናል። የእኛ ውድቀት በሌላ ሰው ደረት ላይ የሚሳል ይመስለናል። ብዙ ተማሪ እርዳታ ሳይጠይቅ ዝም ብሎ የሚያቋርጠው ከዚህ ፍርሃት የተነሣ ይመስለኛል።

ደሙስ?

የእናቶቻችን ሥጋት ተራ ሥጋት አይደለም። ሴኪሮ ደም የሚረጭበት፣ ሰይፍ በአንገት የሚያልፍበት ጌም ነው። በአውሮፓው የዕድሜ ምደባ 18፣ በአሜሪካው 17 ዓመትና ከዚያ በላይ ተብሎ ተመድቧል። ይህ ቁጥር የችግር መጠን ሳይሆን የይዘት ማስጠንቀቂያ ነው። የ10 ዓመት ልጅ ጣቱ ፈጣን ስለሆነ ብቻ ተገቢው አይሆንም። ዕብራይስጥም እንግሊዝኛም ለማያነቡ ወላጆች በሳጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር ማስረዳት የእኛ የተማሪዎቹ ድርሻ ነው።

ምርምሩ ምን ይላል? የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በ2020 አቋሙን ሲያድስ፣ ዓመፅ ባለባቸው ጌሞችና እንደ መጮህና መገፋፋት ባሉ ቁጡ ጠባዮች መካከል ትንሽ ግን ተደጋግሞ የታየ ግንኙነት አለ ብሏል። ጌሙን ከከባድ የወንጀል ዓመፅ ጋር ለማያያዝ ግን በቂ ማስረጃ የለም ሲል አስጠንቅቋል። ስለዚህ «ጌም ነፍሰ ገዳይ ያደርጋል» ማለትም፣ «ምንም አያደርግም» ማለትም ከማስረጃው ያልፋል።

ሌላው ሥጋት ሱስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ የጌም መታወክ የሚባል ምርመራ አለ። ሦስት ምልክቶች ይታዩበታል፦ ሰውየው ጨዋታውን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ጌሙ ከሌላው የሕይወት ጉዳይ ሁሉ ሲቀድም፣ ጉዳት እያመጣበትም ሲቀጥል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ 12 ወር ያህል መቆየትና ኑሮውን በግልጽ ማወክ አለበት። አንድ ሌሊት ያመሸ ልጅ ሱሰኛ አይባልም። ትምህርቱን፣ ጓደኞቹንና እንቅልፉን ለወራት የተወ ልጅ ግን ቁጣ ሳይሆን ባለሙያ ያስፈልገዋል።

ለቤት የሚጠቅም አንድ ተግባራዊ ነገር፦ ሴኪሮ ለአንድ ሰው የተሠራ ጌም ነው፤ ከማይታወቅ ሰው ጋር አያነጋግርም፣ በመሃል ገንዘብ አያስከፍልም፣ በማንኛውም ሰዓት ማቆሚያ ቁልፍ አለው። ስለዚህ ልጁ ለእራት ሲጠራ «ረጋ፣ ማቆም አይቻልም» ቢል፣ በዚህ ጌም ይቻላል።

ከጌሙ ወደ ዩኒቨርሲቲ

አሁን ንጽጽሩን እናድርግ። በፕሲኮሜትሪ የፈለገውን ነጥብ ያላገኘ ተማሪ በሚቀጥለው ደቂቃ አይነሣም፤ ወራት ይጠብቃል፣ እንደገና ይከፍላል። የሴሚናር ጽሑፍ ያስረከበ ተማሪ ከሳምንታት በኋላ አንድ ቁጥር ያገኛል፤ አንዳንዴ ከቁጥሩ ሌላ ምንም የለም። የት ቀደመ? የት ዘገየ? አያውቅም። የወታደሮቹን ሹክሹክታ የሚሰሙት ደግሞ ወላጅና ታላቅ ወንድም በዩኒቨርሲቲ ያለፉላቸው ናቸው። እኛ እሳት የሚፈራውን ግዙፍ ሰው ብዙ ጊዜ በባዶ ሰይፍ እንገጥመዋለን።

እንግዲህ መልሳችን ይህ ነው፦ ትዕግሥቱ የትም አልሄደም። ያልተገኘው ትዕግሥትን የሚሸከም አካባቢ ነው። ዩኒቨርሲቲውን በአንድ ቀን አንለውጠውም፤ በእጃችን ያለውን ግን ልንሠራበት እንችላለን።

1. ሞዔድ ቤትን ከመጀመሪያው በዕቅድ ውስጥ አስገቡት። ሁለተኛው የፈተና ቀን ለሰነፎች የተሰጠ ምሕረት ሳይሆን የሥርዓቱ አካል ነው።

2. የታረመውን የፈተና ደብተራችሁን ጠይቃችሁ ተመልከቱ። ቁጥሩ መሸነፋችሁን ብቻ ይነግራችኋል፤ ደብተሩ የት እንደተመታችሁ ያሳያችኋል።

3. ሽዓት ካባላ፣ ማለትም መምህሩ ተማሪ የሚቀበልበት ሰዓት፣ የእናንተ ሀንቤይ ነው። ኪሳራ የሌለው መልመጃ ነውና ፈተና ሳይደርስ ሂዱበት።

4. የሰማችሁትን አሰሙ። የትኛው ኮርስ ምን እንደሚጠይቅ፣ የትኛው ሚልጋ መቼ እንደሚዘጋ፣ በተማሪዎች ዴካናት የማስጠናት እርዳታ እንዴት እንደሚገኝ ለአንደኛ ዓመቶች ንገሩ። እንደ እርሱ ያለ ሰው ሲሳካለት ማየት ከአራቱ የባንዱራ ምንጮች አንዱ መሆኑን አትርሱ።

5. ለወላጆቻችሁ የውድቀትን ትክክለኛ ዋጋ አስረዱ። «እማዬ፣ አንድ ፈተና ወድቄአለሁ፤ ሁለተኛ ቀን አለው፤ ትምህርቴን አላቋረጥሁም» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር የብዙ ሰው ሳል ታስታግሳለች።

በፔራህ ወይም በሌላ ፕሮግራም ልጆችን የምታስጠኑ ደግሞ ከጌሙ ጀምሩ። «ይህን ተፋላሚ እንዴት አሸነፍኸው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ሲያስረዳ ስሙት። ምን እንደሞከረ፣ ምን እንደቀየረ፣ ከማን እንደጠየቀ ይነግራችኋል። ከዚያ የሒሳብ ደብተሩን ክፈቱና ጥያቄውን በትንሽ በትንሹ ከፋፍላችሁ፣ ለእያንዳንዱ እርምጃ ወዲያው መልስ ስጡት።

ለውይይት

– በቤታችሁ «ትዕግሥት የለውም» የተባለ ሰው አለ? ትዕግሥቱ የሚታየው የት ነው? እዚያ ያለው፣ ሌላ ቦታ የሌለው ነገር ምንድን ነው?

– ሴኪሮ ለሁሉም አንድ ዓይነት ፈተና ይሰጣል። ይህ እኩልነት ነው ወይስ አይደለም? በፕሲኮሜትሪ ላይስ ምን ትላላችሁ?

– ባለፈው ሰመስተር ከማን ምን መረጃ ሰምታችሁ ተጠቀማችሁ? ያንን ለማን አስተላለፋችሁ?